ለልጅ የሚነገር፣ ከወላጅ የሚደበቅ

በእስራኤል ትምህርት ቤቶች ስለ ፍቅር ግንኙነትና ስለ ጾታ ጤና የሚሰጠው ትምህርት እንደ ሒሳብ ወይም እንደ ታሪክ ፈተና ያለው የትምህርት ዓይነት አይደለም። «ኪሹሬ ሐይም» በሚባለው የሕይወት ክህሎት ክፍለ ጊዜ ውስጥ ገብቶ የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ወይም የትምህርት ቤቱ አማካሪ ታስተምረዋለች። ስለዚህም አንዱ ትምህርት ቤት አጥብቆ ሲይዘው ሌላው ለይስሙላ ነካ አድርጎት ያልፋል። ረሖቦት ውስጥ፣ በተለይም ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩበት በኪሪያት ሞሼ ሰፈር፣ በዚህ ላይ ሌላ ጉድለት ይጨመራል፤ ትምህርቱ ተማሪው ጋ ቢደርስም ወላጁ ጋ አይደርስም። ጠዋት በዕብራይስጥ የተሰማው ነገር ማታ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ሳይነሳ ያድራል። ታዳጊ ስለ ራሱ ገላና ስለ ራሱ ፍቅር አስቦ እንዲወስን ማስተማር የሚሻ ሁሉ ወላጁን ዘሎ ሊያስተምረው አይችልም ብዬ እከራከራለሁ። የወላጆቹን ዝምታ «ባህላቸው ነው» ብሎ መዝጋት ይቀናል። ዝምታው ግን ግማሹ ከሀገር ቤት የመጣ፣ ግማሹ እዚሁ እስራኤል የተማሩት ነው።

ከሀገር ቤት የመጣውን እናስቀድም። በጎንደር ገጠሮች በቤተ እስራኤል ዘንድ ጋብቻ የሁለት ቤተሰብ ጉዳይ እንጂ የሁለት ወጣቶች ውሳኔ አልነበረም። ሽማግሌ ይላካል፤ ዝምድና እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ በሠርጉ ቀን ቄሱ የንጽሕና ምልክት የሆነውን ነጭና ቀይ ክር በሙሽራው ግንባር ላይ ያስራሉ። ልጅቱ ብዙ ጊዜ ለአቅመ ሔዋን እንደደረሰች ትዳራለች። «ማንን? መቼ?» የሚለው ጥያቄ ወደ እሷ አይመጣም። ይህ ሥርዓት ይመለስ የሚል ካለ አልስማማም፤ ኢትዮጵያም ራሷ በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባሻሻለችው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጋለች። ሆኖም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ውሳኔ ባይኖርም ዕውቀት የሚተላለፍበት ቦታ ነበር። ሴት በወር አበባዋ ሰባት ቀን በድንጋይ በተከለለው የመርገም ጎጆ ትቆያለች፤ ስትወልድ ደግሞ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ከቤቷ ትለያለች። በመርገም ጎጆ ከምጣድና ከእንስራ ታርፋለች፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጣ ታወራለች። የሴት ገላ ጉዳይ ያለ እፍረት የሚነሳው እዚያ ነበር። በአራተኛ ፎቅ አፓርታማ ላይ የመርገም ጎጆ አይሠራም። ጎጆው ሲቀር ወሬውም አብሮ ቀረ፤ የተካው የለም። ለወንዶቹማ ድሮም እንዲህ ያለ ቦታ አልነበራቸውም።

እዚህ የተማሩት ዝምታ ሌላ ታሪክ አለው። ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ የገባበት የግንቦት 1991 ዘመቻ ሰሎሞን ካበቃ በኋላ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ስደተኞች ጤና የሐኪሞችም የጋዜጦችም ርዕስ ሆነ። በዚህ ውስጥ ረሖቦት የራሷ ድርሻ አላት። በከተማዋ በካፕላን ሆስፒታል ፕሮፌሰር ጽቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቻቸው የስደተኞቹን ደም መርምረው፣ ለዓመታት በሆድ ውስጥ የኖረ የአንጀት ትል የሰውነትን መከላከያ ያለ ዕረፍት እያሠራ ለኤችአይቪ ያጋልጠዋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጉዳዩን ከሥነ ምግባር ወደ ሕክምና የመለሰ ጥናት ነበር። ከሕዝቡ ጆሮ የደረሰው ግን ሌላ ዜና ነው። በጥር 1996 «ማዓሪቭ» ጋዜጣ የደም ባንኩን የሚያስተዳድረው ማጌን ዳቪድ አዶም የኢትዮጵያ ተወላጆች የሚለግሱትን ደም ተቀብሎ በስውር እንደሚጥለው አጋለጠ። በዚያው ወር 28 ቀን ሺዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጡ፤ ብዙዎች ተጎዱ፤ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይጽሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። የዚያን ጊዜ ወጣት የነበረው ዛሬ የታዳጊ ልጅ አባት ነው። መንግሥት ስለ ደሙና ስለ ገላው ሲያወራ ምን እንደሚከተል ያወቀው ከዚህ ነው።

እናቶቹ ደግሞ የመርፌው ታሪክ አላቸው። በታኅሣሥ 2012 ጋዜጠኛ ጋል ጋባይ በትምህርታዊ ቴሌቪዥን ባቀረበችው ዝግጅት ላይ፣ ሴቶች በኢትዮጵያ የመጠባበቂያ ካምፖችና እስራኤል ከገቡም በኋላ ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን ለሦስት ወር የሚቆይ የወሊድ መከላከያ መርፌ በቂ ማብራሪያ ሳያገኙ ይወጉ እንደነበር ተናገሩ። በቀጣዩ ወር የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ፣ መዘዙን በሚገባ ላልተረዳች ሴት ማዘዣው እንዳይታደስ ለኩፓት ሆሊሞች (ለጤና መድን ድርጅቶች) መመሪያ ላኩ። የመንግሥት ተቆጣጣሪው በ2016 ማስገደድ ስለመኖሩ ማስረጃ እንዳላገኙ አስታወቁ። ያልገባትን መርፌ የተወጋች ሴት ተገድዳለች ወይስ አልተገደደችም የሚለውን ጠበቆች ይከራከሩበት። ለኛ ጉዳይ የሚበቃው መመሪያው ራሱ ያመነው ነገር ነው፤ በቂ ማብራሪያ ሳይሰጣት ማዘዣ የሚታደስላት ሴት እንዳለች ሚኒስቴሩ ጠርጥሯል። ስለ ራሷ ማህፀን በቅጡ ያልተጠየቀች እናት፣ ልጇን «ሲጠይቁሽ እንዲህ ብለሽ መልሺ» ብላ ልታስተምር እንዴት ይቻላታል?

በዚህ ሁሉ መሀል የቆመው ልጁ ነው። ዕብራይስጥ ላልጠናላት እናት ኩፓት ሆሊም ውስጥ የሚያስተረጉመው እሱ ነው። የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ያነባል፣ ከመምህርቷ ጋር ያገናኛል፣ የባንኩን ስልክ ያነሳል። የ12 ዓመት ልጅ ስለ እናቱ የደም መፍሰስ ለሐኪሙ ሲያስተረጉም ሁለቱም ያፍራሉ፣ ሁለቱም ያሳጥራሉ። ይህ ልጅ ዓመት ጨምሮ የራሱ ጥያቄ ሲመጣበት የሚያስተረጉምለት የለም። እናቱ በእሱ አፍ የምትናገር ሰው ሆናለች፤ ምክር የሚጠየቅ ሰው አድርጎ ማየት ይከብደዋል። ስለዚህ ስልኩን ይጠይቃል። ስልኩ ደግሞ ዕድሜውን አይጠይቀውም።

ከወላጆች በኩል ፈጥኖ የሚነሳው ተቃውሞ «ያልሰሙትን ማሰማት ማነሳሳት ነው» የሚል ነው። ይህ በጥናት ሊመረመር የሚችል ጥያቄ ነው፣ ተመርምሯልም። ዩኔስኮ በ2009 ባወጣው መመሪያ ውስጥ፣ ታዳጊዎች ግንኙነት የሚጀምሩበትን ዕድሜ ከለኩ 63 ጥናቶች መካከል 37 በመቶው ትምህርቱ ጅማሬውን እንዳዘገየ አሳዩ፤ የቀሩት ለውጥ አላዩም፤ ያፋጠነ አንድም አልተገኘም። በአንጻሩ አሜሪካ «እስክታገቡ ታቀቡ» ብቻ በሚሉ አራት ፕሮግራሞች ላይ ከ2,000 በላይ ወጣቶችን ተከታትላ በ2007 ባሳተመችው ግምገማ፣ የተማሩትና ያልተማሩት ምንም ልዩነት አልነበራቸውም፤ ከሁለቱም ወገን ሳይጀምሩ የቆዩት 49 በመቶ ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ ግን በ2015 የወጣ የ22 ፕሮግራሞች ንጽጽር ነው። በወንድና በሴት መካከል ስላለው የኃይል ሚዛን፣ ማን እንደሚያዝና ማን እንደሚፈራ ያነሱት ፕሮግራሞች 80 በመቶው በሽታን ወይም ያልታሰበ እርግዝናን ሲቀንሱ፣ ይህን ካላነሱት ውጤት ያሳዩት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። ኮንዶም አሳይቶ መሄድ ትምህርት አይደለም ማለት ነው። ሴት ልጅ «ስልክሽን አሳዪኝ» የሚላትን ጓደኛ ቅናቱን ፍቅር ብላ እንዳትቀበል፣ ወንዱም «እምቢ» ሲባል ክብሩ እንደተነካ እንዳይቆጥር ማስተማር ነው ዋናው። በእስራኤል በባልና በፍቅረኛ እጅ ከሚገደሉ ሴቶች መካከል የኢትዮጵያ ተወላጆች ከሕዝባቸው ቁጥር ጋር በማይመጣጠን ሁኔታ መብዛታቸውን የሚያውቅ ማኅበረሰብ ይህን ቸል ማለት አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሃይማኖት ነው። ብዙ የቤተ እስራኤል ልጆች ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተማሩት በመንግሥት ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶችና በፕኒሚያ (በአዳሪ ትምህርት ቤት) ነው፤ በዚያ የሚሰጠው ትምህርት መሠረቱ ከጋብቻ በፊት አለመነካካት ነው። ይህን የሚያምን ቤተሰብ ማመኑ መብቱ ነው፤ የሃይማኖቱን ሕግ የሚያከብር ልጅም ተጨማሪ እንጂ ያነሰ ጥንካሬ አያስፈልገውም። ሃይማኖት ምን እንደሚከለከል ይነግራል፤ ማክሰኞ ማታ በአውቶቡስ ጣቢያ አንዱ ሲጎትታት ምን ብላ እንደምትመልስና ለማን እንደምትናገር ግን መለማመድ ይፈልጋል። ቄሶችና ሽማግሌዎች ባልና ሚስት በማስታረቅ ረገድ ዛሬም ይደመጣሉ። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት እነሱን ማማከር ትምህርት ቤቱን ከአንድ ምሽት በላይ አያስከፍለውም።

ሦስተኛው ከባድ ነው፤ ሕጉ ልጄን ከእጄ ይወስደዋል የሚል። እውነትም የእስራኤል ሕግ ለታዳጊ የሰጠው ሥልጣን ብዙ ወላጅ ከሚገምተው ይበልጣል። የስምምነት ዕድሜ 16 ነው፤ ከ14 እስከ 16 ባሉት ላይ ግንኙነቱ በፈቃድ፣ በመደበኛ ጓደኝነት ውስጥና ከሦስት ዓመት ባልበለጠ የዕድሜ ልዩነት ከሆነ ሕጉ መከላከያ ይሰጣል። በ1996 የወጣው ሕግ 14 ዓመት የሞላው ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ የኤችአይቪ ምርመራ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ጽንስ ለማቋረጥ ፈቃድ ወደሚሰጠው ኮሚቴ ስትቀርብም የወላጅ ፈቃድ ግዴታ አይደለም። በ2014 የተጨመረው ማሻሻያ ደግሞ የሰውን የገላ ምስል ያለ ፈቃዱ ማሰራጨትን እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አድርጎታል፤ ይህን የ15 ዓመት ወንድ ልጅ ያለው ሁሉ ዛሬ ማታ ቢነግረው ይበጃል። ወላጅ በእነዚህ ሕጎች ሊስማማም ላይስማማም ይችላል። ሕጉ ሥልጣን የሰጠውን ልጅ ግን ወላጅ ሊመራው የሚችለው በመታመን ብቻ ነው፤ መታመን ደግሞ ከመነጋገር ይመጣል።

የመጨረሻውን ተቃውሞ የሚያነሱት ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ «ለኢትዮጵያውያን ልዩ ፕሮግራም» ሲባል ደማቸው ይፈላል። ልክ ናቸው። የደሙ ጉዳይ ያቆሰለው ሕዝብን በጅምላ እንደ በሽታ በመቁጠሩ ነው። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ያለው ትምህርት ለሁሉም ተማሪ አንድ ይሁን፤ የአማርኛው ክፍል ለወላጅ ይሁን። ልጅን ለይቶ ማስተማር ስም ያወጣበታል፤ ለወላጅ በቋንቋው ማስረዳት ግን ለማንኛውም ግብር ከፋይ የሚገባ አገልግሎት ነው። የስምንተኛ ክፍሉን የፓፒሎማ ክትባት ተመልከቱ። ለሴቶችም ለወንዶችም የሚሰጥ፣ የማህፀን ጫፍ ካንሰርን የሚከላከል፣ ወላጅ እንዲፈቅድ የሚጠየቅበት ነው። ጎንደር ያለች ዘመድ ስለዚሁ ክትባት በአማርኛ ልትሰማ ትችላለች፤ ኢትዮጵያ በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለችና። ኪሪያት ሞሼ ያለችው እናት ግን የዕብራይስጡን ቅጽ እንዲያነብላት ያንኑ ልጇን ትጠይቃለች።

ወላጅን ማሳተፍ እንደሚሠራ አማራ ክልል አሳይቷል። በ2004 ሞሰቦ ላይ የተጀመረው «ብርሃን ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ልጃገረዶችን በቡድን ከማስተማር ጋር የመንደሩን ሰው ያወያይ፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ወላጆችም የቤት እንስሳ ይሰጥ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ከሌለበት ቦታ ጋር ሲነጻጸር በ90 በመቶ ቀነሰ፤ በትልልቆቹ ላይ ግን እንዲህ አልሆነም። ሞሰቦ ረሖቦት አይደለችም፤ እዚህ የሚያስፈልገውም እንስሳ ሳይሆን አዳራሽና አስተርጓሚ ነው።

በረሖቦት ታዳጊ የምታሳድጉ ወላጆች፣ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ሁለት ነገር ጠይቁ። የኪሹሬ ሐይም ትምህርት ዘንድሮ ምን እንደሚያካትት ይነገራችሁ፤ ማብራሪያውም በአማርኛ፣ በትልቅ ሰው አፍ ይሰጣችሁ። ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ የለንም ካለ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። ልጃችሁን ግን አታስተርጉሙት።