የጣልኩት ኪኒን የት ደረሰ?

ባለፈው ክረምት ጉሮሮዬን ሲያመኝ ሐኪም ጋ አልሄድኩም። ሰፈር ካለ ፋርማሲ ገብቼ «አሞክሳ ስጡኝ» አልኩ፤ ማዘዣ የጠየቀኝ የለም። በሦስተኛው ቀን ሲሻለኝ የተረፈውን ሽንት ቤት ጣልኩት። እናንተም አድርጋችሁታል፤ አንዋሻሽ። በኋላ ሳነብ ግን የጉሮሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ ነው የሚመጣው፤ አሞክሳ ደግሞ ቫይረስ አይነካም። በከንቱ ነው የዋጥኩት ማለት ነው።

ኪኒኑስ የት ሄደ? አዲስ አበባ ውስጥ ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘ ቤት ብዙ ነው። ከቤቱ፣ ከሆስፒታሉ፣ ከፋብሪካው የሚወጣው ፍሳሽ በየቦዩ አድርጎ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ወንዞች አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይቀጥላሉ።

ወንዝ ውስጥ በአንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ሚሊዮኖች ባክቴሪያ አሉ። አብዛኞቹ ለእኛ ጉዳት የላቸውም፤ እንዲያውም ቆሻሻውን የሚያብላሉት እነሱ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው የሰው አንጀት ባክቴሪያ፣ የመድኃኒት ትራፊና የፋብሪካ ብረት አንድ ላይ ሲገናኙ ነው። መድኃኒቱ በጣም ስለሚቀጥን ሁሉንም አይገድልም፤ ደካማውን ያዳክምና የተላመደው እንዲበዛ ቦታ ይለቅለታል። የተላመደው ደግሞ ስስታም አይደለም። ፕላዝሚድ የምትባል ትንሽ ክብ ዲኤንኤ አለችው፤ መድኃኒቱን የምትመክትበት ጂን እሷ ላይ ተጽፏል። እኛ በዜንደር ዘፈን እንደምንቀባበለው ለጎረቤቱ ያስተላልፋታል። ዝርያው ሌላ ቢሆንም ብዙ ጊዜ አይከለክለውም። ምንም የማይጎዳው ባክቴሪያ ለበሽታ አምጪው ሊያቀብል ይችላል።

ይሄ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2011 የወጣ ጥናት ኒው ዴልሂ ውስጥ ከተወሰዱ 171 የመንገድ ዳር የተኛ ውሃ ናሙናዎች በ51ዱ ኤንዲኤም-1 የሚባለውን ጂን አግኝቷል። ከ50 የቧንቧ ውሃ ናሙናዎችም በ2ቱ። ይህ ጂን ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ሐኪሞች የሚያወጧቸውን ካርባፔነም የተባሉ መድኃኒቶች ያመክናል።

በአቃቂ ዳር በወንዙ ውሃ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ ይለማል። ጎመኑስ ይቀቀላል፤ እሳቱ ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል። ሰላጣው ነው ያሳሰበኝ። ቅዳሜ እናቴ ስታጥብ አየኋትና «ከየት የመጣ ነው?» አልኳት።

«ከገበያ ነዋ» አለችኝ፤ ቲማቲሙን እንድከትፍ ቢላ እያቀበለችኝ።