ከእሳት በኋላ ጥቀርሻን ስለ ማስወገድ



እሳት በጠፋ ጊዜ ብዙ ሰው «ተመስገን፤ አለፈ» ይልና ወዲያው ባልዲና እርጥብ ጨርቅ ያነሣል። ነገር ግን ነበልባል ያልነካውን ክፍል ጭስ ነክቶታል፤ ጭሱ ትቶት የሄደውንም ጥቀርሻ በውኃ ማሸት ጉዳቱን ያብሳል እንጂ አያስወግድም።

ምክንያቱን የጎጃም ቁም ጸሐፊ ያውቀዋል። በደብረ ኤልያስና በዲማ ጊዮርጊስ አገር ጥቁር ቀለም የሚዘጋጀው ከምጣድና ከድስት ቂጥ የተፋቀው ጥቀርሻ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ጋር ተቀምሞ፥ በውኃ ለወራት እንዲቆይ በማድረግ ነው። ጥቀርሻ አብዛኛው ካርቦን ስለ ሆነ ብርሃን አያደበዝዘውም፤ ስለዚህም የጥንት ብራና ዛሬም ጥርት ብሎ ይነበባል። እንግዲህ ጥቀርሻ የያዘውን ግድግዳ በእርጥብ ጨርቅ የሚያሽ ሰው ሳያውቀው ቀለም ይበጠብጣል ማለት ነው።

በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላ ከተማ ቤታችሁ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ይህ አደጋ ቢደርስበት፥ አስቀድሞ ሕንፃው እንደማይደረመስና የኤሌክትሪኩ መስመር ደኅና መሆኑን ባለሙያ ሳያረጋግጥ አትግቡ። ስትገቡም መስኮቱን ክፈቱ፤ ጭምብልና ጓንት አድርጉ፤ ብናኙ ሳንባን ይጎዳልና።

ሁለተኛ፥ በደረቁ ጀምሩ። ከጣሪያው ወደ ታች በለስላሳ ብሩሽና በደረቅ ስፖንጅ፥ ሳትጫኑ አንሡት። ከዚህ በኋላ ብቻ የዘይት ቀለም የተቀባውን ግድግዳ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ከታች ወደ ላይ እጠቡ፤ ከላይ ቢጀመር የሚወርደው ጠብታ መስመር ይጥላል። የጭቃ ግድግዳ ግን ውኃ አይችልምና ጥቀርሻ የጠጣው ምርጊት ተፍቆ እንደ ገና ይመረግ። ሳይጸዳ ኖራ ቢቀባበት እድፉ ውሎ አድሮ ይወጣል።

ሦስተኛው የመዝገብ ጉዳይ ነው። ግድግዳ ዳግመኛ ይለሰናል፤ የአንድ ገበሬ የይዞታ ማስረጃ ወይም የአንድ ጡረተኛ የአገልግሎት ፋይል ቢበላሽ ግን ምትክ ላይገኝለት ይችላል። ፋይሉን ሳትጠርጉት በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ አድርጋችሁ አውጡ። የረጠበውን ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር፥ በየቅጠሉ መካከል መጣጭ ወረቀት እያስገባችሁ አድርቁ፤ የተጣበቀውን በግድ አታላቅቁ። ብራናም ቆዳ ነውና ሙቀት ያኮማትረዋል፤ ከፀሐይና ከምድጃ ይራቅ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ይቆይ።

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል በተቃጠለ ጊዜ ታላቁ ኦርጋን ከነበልባሉ ተርፎ ነበር፤ ነገር ግን ከጣሪያው የቀለጠው እርሳስ ብናኝ ስለ ሸፈነው 8,000 የሚያህሉ ቧንቧዎች ያሉት ያ መሣሪያ እየተፈታ መጽዳት ግድ ሆነበት። ካቴድራሉም የተከፈተው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። እሳትን ለማጥፋት መፍጠን ይገባል፤ ከእሳት በኋላ ግን የአባቶችን ቃል ማሰብ ይበጃል፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»