እኅት የሌላት እኅት የምታገኝበት ማኅበር

ልጅ አድጋ ለከፍተኛ ትምህርት ከቤት ስትወጣ እናት የምታስበው ስለ ትምህርቷ ብቻ አይደለም። ስትታመም ማን ውኃ ያቀብላታል? ሲከፋት ማን ያጽናናታል? የምትውለውስ ከማን ጋር ነው? ይህ ጭንቀት አገርና ቀለም አይለይም። በዛሬው ጽሑፋችን በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ የእስያ ተወላጅ ሴቶች ለዚሁ ጥያቄ መልስ እንዲሆናቸው ስላቋቋሙት የእኅትማማቾች ማኅበር እናወሳለን። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ የሴት ተማሪዎች ማኅበራት ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቆዩ ናቸው። መጠሪያቸው ሁለት ወይም ሦስት የግሪክ ፊደላት ሲሆን፣ አባላቱ እርስ በርሳቸው «እኅት» ይባባላሉ። ብዙዎቹ ማኅበራት የራሳቸው መኖሪያ ቤት አላቸው። ይሁን እንጂ በራቸው ለረጅም ዘመን ክፍት ሆኖ የኖረው በአብዛኛው ለነጮች ብቻ ነበር። በመሆኑም ጥቁር ሴቶች በ1908 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አልፋ ካፓ አልፋ የተባለውን የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

በር ሲዘጋ

የእስያ ተወላጆችም ዕጣ ከዚህ የተለየ አልነበረም። በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ የጃፓን ተወላጅ ሴቶች የነጮቹ ማኅበራት ስላልተቀበሏቸው በ1928 ተሰባሰቡ። ማኅበራቸውንም ካይ አልፋ ዴልታ አሉት። በ1929 ከዩኒቨርሲቲው ዕውቅና አገኘ። በ1930 ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ የመምህራን ኮሌጅ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ሲግማ ኦሚክሮን ፓይን መሠረቱ።

ማኅበር ማቋቋም አንድ ነገር ነው፤ ቤት ማግኘት ግን ሌላ ነበር። በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ባለው በዌስትውድ ሰፈር የብዙ ቤቶች ውል ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይገዛና እንዳይከራይ የሚከለክል አንቀጽ ነበረበት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ሊጸና እንደማይችል የወሰነው በ1948 ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ጦርነቱ ነበር። በየካቲት 1942 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በተፈረመ ትእዛዝ መነሻነት 120,000 ያህል የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነቅለው በሽቦ በታጠሩ ሰፈሮች ታጎሩ። ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆኑት አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ዜጎች ነበሩ። ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን አቋርጠው ከእናትና አባታቸው ጋር ሄዱ፤ የማኅበሩም ሥራ ተቋረጠ። በ1942 የተቋቋመ አንድ የረድኤት ምክር ቤት 4,000 ያህል ተማሪዎች ከየሰፈሩ ወጥተው በሌሎች ክፍለ አገሮች ኮሌጆች ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ረድቷል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1946፣ ካይ አልፋ ዴልታ እንደገና ተቋቋመ። እነዚያ ወጣቶች የወላጆቻቸውን ሱቅና እርሻ ያጡ ነበሩ፤ እኅትማማችነታቸውን ግን አልጣሉም።

በሩ ሲሰፋ

በ1965 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ከእስያ ለሚመጡ ሰዎች የአሜሪካን በር ከፈተ። የስደተኞቹ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ አዳዲስ ማኅበራት ተበራከቱ። በበርክሌይ አልፋ ካፓ ዴልታ ፋይ በ1990፣ በአልባኒ ሲግማ ሳይ ዚታ በ1994፣ በቢንግሃምተን ካፓ ፋይ ላምዳ በ1995 ሥራ ጀመሩ። ቻይናዊት፣ ኮሪያዊት፣ ቬትናማዊት፣ ፊሊፒናዊትና ሕንዳዊት በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ትኩረታቸው በእስያ ባህል ላይ ቢሆንም የሌላ ዘር ተወላጅንም ስለሚቀበሉ፣ ብዙዎቹ ራሳቸውን የልዩ ልዩ ባህሎች ማኅበር ብለው ይጠራሉ።

አዲስ የገባች ልጅ አንዲት «ታላቅ እኅት» ትመደብላታለች። ታላቂቱ የትኛው ትምህርት እንደሚከብድ፣ ለፈተና እንዴት እንደሚጠና፣ ሥራ እንዴት እንደሚፈለግ ትነግራታለች። ማኅበራቱ ለበጎ አድራጎትም ይሠራሉ። ሲግማ ሳይ ዚታ በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት በመቃወም፣ አልፋ ካፓ ዴልታ ፋይ ደግሞ ስለ ጡት ካንሰር በማስተማር ይታወቃሉ።

ወላጅ ሊጠነቀቅበት የሚገባ

ሁሉም ግን ማር አይደለም። መዋጮው ለደኻ ቤተሰብ ልጅ ይከብዳል፤ ስብሰባውና ግብዣው የጥናት ሰዓት ይሻማል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን በአንዳንድ የተማሪ ማኅበራት አዲስ ገቢዎችን «ለመፈተን» ሲባል የሚደረገው ማንገላታት ነው። እንቅልፍ መከልከል፣ መጠጥ ማስገደድና መደብደብ እስከ ሞት አድርሷል። በ2013 የአንድ የእስያ ተወላጅ ወንዶች ማኅበር ዕጩ አባል የነበረ የኒውዮርክ ተማሪ በፔንሲልቫኒያ ተራራማ ሥፍራ በደረሰበት ድብደባ ሕይወቱ አልፏል። በ2018ም ፍርድ ቤት ያን ማኅበር በዚያ ክፍለ አገር ለ10 ዓመት እንዳይሠራ አግዶታል።

በታኅሣሥ 2024 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ኮሌጆች በእንዲህ ያለ ድርጊት ጥፋተኛ የተባሉትን ማኅበራት ስም ለሕዝብ እንዲገልጹ ያስገድዳል። ስለሆነም ልጇን እዚያ የምታስተምር እናት፣ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ጭምር፣ ልጅቷ ከመመዝገቧ በፊት ይህን መግለጫ ማንበብ ይጠቅማታል። መዋጮው ስንት ነው? ዕጩዎች ምን ይደረጋሉ? ለቤተሰብ የማይነገር ምሥጢርስ አለ? ብላ ልጇን በቁጣ ሳይሆን በፍቅር ትጠይቅ። የምትቆጣ እናት መልስ አታገኝም፤ የምታዳምጥ እናት ግን ሳትጠይቅም ይነገራታል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል። እነዚያ የ1928 ተማሪዎች የተባበሩት ብቸኝነትንና ንቀትን ለማሸነፍ ነበር። ዛሬም የማንኛውም ማኅበር መለኪያ ይኸው ነው፤ የገባችውን ልጅ ካበረታት እኅትማማችነት ነው፤ ካዋረዳት ግን ስሙ ምንም ቢያምር ልትርቀው ይገባል። እኅት የሆነች ሰው እኅቷን አታንገላታም።