በደባርቅና በዳባት ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆችን ማስጠናት፦ ሙያውን ከየት እንጀምር?



በመምህርነት ካሳለፍናቸው ዓመታት አንድ ልጅ አይረሳንም። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ስሙ ሲጠራ «አቤት» አይልም፤ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ግን ከማንም አያንስም። «ሰነፍ ነው» ብለን ወደ ኋላ ወንበር አዛወርነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል እናቱ መጥተው «ልጄ እኮ ከሕፃንነቱ ጆሮውን ያመዋል፣ በደንብ አይሰማም» አሉን። ፊት ለፊት ቢቀመጥና የከንፈራችንን እንቅስቃሴ እያየ ቢከታተል ኖሮ የሚማር ልጅ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አልተመዘገበም። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ ሳንጠይቅ የፈረድነው እኛ ነን። አላህ ይቅር ይበለን።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን እሱ ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ቤት የቀረ ልጅ ያላቸውን ወላጆች «ለምን አይማርም?» ብለን ስንጠይቅ፣ «ማን ያስተምረዋል?» ይሉናል። በሌላ በኩል ዲግሪያቸውን ይዘው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች በየሰፈሩ አሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው ሙያ የልዩ ፍላጎት አስጠኚነት ነው።

ሙያው ምንድን ነው?

አስጠኚው ልጅ ጠባቂም ሐኪምም አይደለም፤ መምህር ነው። ማየት ወይም መስማት የተሳናቸውን፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም ወይም ዳውን ሲንድረም ያለባቸውን፣ እንዲሁም ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ማንበብ ብቻ የሚከብዳቸውን ልጆች እንደየአቅማቸው ያስተምራል። ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ እቅድ ያወጣል፤ ልጁ አሁን ምን ይችላል? በሦስት ወር ምን እንዲችል እንፈልጋለን? በየትኛው መንገድ?

መብቱ አዲስ አይደለም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ያካትት ነበር። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በ2010 (እ.ኤ.አ.) አጽድቃለች። ለእኛ ግን መሠረቱ ከዚህም ይቀድማል። ዓይነ ስውሩ ሰሐባ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ለመማር በመጡ ጊዜ የሆነውን ሱረቱ ዐበሳ ታስተምረናለች። እኚህ ሰሐባ በኋላ ከቢላል (ረ.ዐ) ጋር የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን ሆነዋል፤ ነቢዩ ለጉዞ ሲወጡም መዲና ላይ ተክተዋቸዋል። እንግዲህ ዕውቀት ፈልጎ የመጣን ሰው በአካሉ ምክንያት ወደ ኋላ ወንበር ማዛወር ከዲናችን የተማርነው አይደለም።

ትምህርቱ የት ይገኛል?

ቅርቡ ጎንደር ነው፤ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ያሠለጥናል። ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ሥራም አለው። ራቅ ካለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ። በሌላ ዘርፍ የተመረቀ ሰውም በሩ አልተዘጋበትም፤ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን ወይም የአማርኛ ብሬልን ጠንቅቆ መማር ብቻውን ትልቅ ስንቅ ነው። ሁሉን በአንዴ ከመጀመር አንዱን መርጦ መካን ይሻላል።

ከጥቂት ተነስቶ የት መድረስ እንደሚቻል ያሳዩን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ከአሜሪካ ተመልሰው፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። መናገርና ማንበብ ለሚቸግራቸው ልጆችም በራሳችን ፊደል ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተዋል። ሥራው የተነሳው ከአንዲት እናት ቤት ነው።

ከአንድ ልጅ መጀመር

መጀመሪያ አንድ ልጅ ይያዙ። ትምህርቱን ከመጀመርዎ በፊት ዓይንና ጆሮው ይታይ፤ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ካልሆነም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። መነጽር የሚያስፈልገውን ልጅ ያለ መነጽር ዓመት ሙሉ ማስጠናት ለሁሉም ድካም ነው። አንዳንድ ቤተሰብ «ጂን ነው» ብሎ ልጁን ይደብቃል። ሩቅያ ማስደረግ ሕክምናንም ትምህርትንም እንደማያስቀር በትሕትና እናስረዳ።

ከዚያ ትምህርቱን እንቆራርጠው። «እጅህን ታጠብ» ለእኛ አንድ ነገር ነው፤ ለአንዳንድ ልጅ ግን ስድስት ሥራ ነው። ቁጥር ለማስተማር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ባቄላና ጠጠር ይበቃል። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ቦታ ይሁን። በየቀኑ ምን እንደቻለ በደብተር ይጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ ወላጁን የሚያሳምነው ያ ደብተር ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ «እናድነዋለን» ብለን ቃል አንግባ፤ ቃል የምንገባው በርትተን እንደምናስተምረው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ለብቻ አንቀመጥ። በሩ ክፍት ይሁን፣ እናት ወይም ሌላ የቤተሰብ ሰው ይኑር። የደረሰበትን መናገር የማይችል ልጅ አማና ነው። ይህ ለልጁም ለአስጠኚውም ክብር ጥበቃ ነው።

እንጀራውስ?

በግልጽ እንነጋገር። ደባርቅ አዲስ አበባ አይደለችም፤ ቤት ለቤት በማስጠናት ብቻ ቤተሰብ ማስተዳደር ከባድ ነው። የሚያዋጣው ማጣመር ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት በመምህርነት ወይም በድጋፍ ማዕከል መሥራት፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች መያዝ፣ አቅም ያላቸው ወላጆች ተሰባስበው አንድ አስጠኚ እንዲቀጥሩ ማድረግ ይቻላል። ለድሃ ቤተሰብ ልጅ ደግሞ ሰደቃ አለ። ዘካ ለዚህ ይውል እንደሆነ ዑለማኦቻችን ይጠየቁ፤ የሰደቃ በር ግን ሰፊ ነው።

መድረሳዎቻችንም አሉ። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ለመላክ ቢያፍር እንኳ ቁርኣን ቢቀራለት ይወዳል። ማየት የተሳነው ልጅ በመስማት ይሐፍዛል። የሰለጠነ አስጠኚ በሳምንት ሁለት ቀን ከኡስታዙ ጋር ቢቀመጥ፣ ያ ልጅ ወደ ትምህርት ቤትም የሚሻገርበት ድልድይ ይሆናል። የመስጂድ ኮሚቴዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

አካባቢያችን ብዙ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወደ አዲ አርቃይና ዛሪማ ሲመጣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ደባርቅና ዳባት ተፈናቅሏል። ትምህርት ሲናጋ መጀመሪያ የሚቀረው፣ መጨረሻ የሚመለሰውም ድጋፍ የሚሻው ልጅ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ እንኳ ቤት ድረስ የሚሄድ አስጠኚ ካለ፣ ያ ልጅ የያዘውን አይረሳም።

ውድ አንባቢያን፣ በሰፈርዎ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ዛሬ ወላጆቹን ይዘይሩ። «ምን አገኘው?» ከማለትዎ በፊት «ምን ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። ወጣቶች ደግሞ ኒያችሁን አስተካክላችሁ በአንድ ልጅ ጀምሩ። ያኔ ያልጠየቅነውን ጥያቄ እናንተ ብትጠይቁት፣ አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ይመጣል ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።