ተሕዋስያን ሳይኖሩ መገጣጠሚያ ስለምን ያብጣል?

እንደሚታወቀው፥ ብግነት ሰውነት ተሕዋስያንን የሚዋጋበት መንገድ ነው። ነገር ግን ቁርጥማት በጠናበት መገጣጠሚያ ተሕዋስያን ሳይገኙ ብግነቱ ለዓመታት ይቆያል። ስለምን?

አንዱ ምክንያት ቴናሲን-ሲ የተባለው የአያያዥ ኅብረ ሕዋስ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በጤነኛ ጎልማሳ አካል እምብዛም አይገኝም፤ አካል ሲጎዳ ግን በብዛት ይሠራል፤ ቁስሉ ሲድን ይጠፋል። ማክሮፋጅ የሚባለው ተከላካይ ሕዋስ የባክቴርያን ሽፋን የሚለይበት ቲ-ኤል-አር 4 የተባለ ተቀባይ አለው። ቴናሲን-ሲ ይህንኑ ተቀባይ ሲቀሰቅስ፥ ማክሮፋጁ ጠላት የመጣ ይመስል ብግነት አነሣሽ ፕሮቲኖችን ያመነጫል። እነርሱም በተራቸው ተጨማሪ ቴናሲን-ሲ ያሠራሉ፤ ነገሩም ዙሪያ ጥምጥም ይሆናል።

በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፥ ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች መገጣጠሚያቸው ቢያብጥም ብግነቱ ፈጥኖ በርዷል። ስለዚህ ብግነትን ማስነሣት አንድ ነገር፥ ማቆየት ሌላ ነገር መሆኑን ልብ እንበል፤ መገጣጠሚያን የሚያፈርሰው የቆየው ነውና።