ከአንበሳ መንጋጋ አምልጦ በተቅማጥ መሞት

የልጅ ልጄ የአደን ፊልም ይወዳል። አዳኙ ሣሩን እየገለጠ ሲጠጋ፣ ጎሹ ቀና ሲል፣ ጥይቱ ሲጮኽ ትንፋሹን ውጦ ያያል። አውሬው ሲወድቅ ሙዚቃው ይደምቅና ፊልሙ ያልቃል። እኔ ግን ዕድሜዬን ቁስል በማጠብና በፋሻ በመጠቅለል ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ «እሺ፣ ከዚያ በኋላስ?» ማለት ይቀናኛል። የተነከሰው ሰው ክንዱ ምን ሆነ? ማን ተሸክሞ አወጣው? ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ስንት ቀን ፈጀ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ አፍሪካ አደን የተጻፉትን ሳነብም ዓይኔ የሚሄደው ወደዚሁ ነው።

ከሐኪም ልጀምር። ዴቪድ ሊቪንግስተን የስኮትላንድ ሐኪምና ሚስዮናዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1844 በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ፣ ማቦትሳ በምትባል ስፍራ አንበሶች የሰዉን ከብት እየፈጁ አስቸገሩና ከመንደርተኛው ጋር ለአደን ወጣ። አንዱን አንበሳ ተኩሶ መታው፤ አልገደለውም። ጠመንጃውን እንደገና ሲያጎርስ የቆሰለው አንበሳ ዘሎ ግራ ትከሻውን ያዘና አርገፈገፈው። የክንዱ አጥንት ደቀቀ፤ ሥጋው ላይ 11 የጥርስ ቀዳዳ ቀረ። ነፍሱን ያተረፈለት መባልዌ የሚባል የአገሩ ተወላጅ መምህር ነው። መባልዌ ጠመንጃ ሲደግንበት አንበሳው ሊቪንግስተንን ለቆ ወደ እሱ ዞረና ጭኑን ነከሰው። አንድ ሦስተኛ ሰውም ተነከሰ። አንበሳው የወደቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ቀድሞ የተመታው ጥይት ሥራውን ሲሠራ ነው።

ሊቪንግስተን በኋላ ሲጽፍ፣ አንበሳው መንጋጋ ውስጥ ሳለ ሕመምም ፍርሃትም እንዳልተሰማው፣ በሕልም ውስጥ ያለ ሰው ያህል ፈዝዞ እንደነበር ተናግሯል። ይህን ሳነብ አልገረመኝም። ሰውነት ሞት ሲቃረበው ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይረጫሉ። ልብ ይደልቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል፣ የሕመም ስሜት ለጊዜው ይደበዝዛል። እግሩ ተሰብሮ በራሱ ተራምዶ የመጣ፣ ድንጋጤው ሲበርድለት ግን አልጋ ላይ የጮኸ ሰው ያላየ ነርስ ያለ አይመስለኝም። አዳኞች «ደስታው ሌላ ነው» የሚሉትም አብዛኛው ይኸው ነው። ደስታው ሐሰት ነው አልልም። በእኛም አገር ዝሆን ወይም አንበሳ ገድሎ የተመለሰ ሰው ፉከራው፣ ሽለላው፣ አናቱ ላይ የሚደረግለት ቅቤ እንዲያው የመጣ አይደለም። ከሞት ደጃፍ የተመለሰ ሰው ደሙ ቶሎ አይበርድም።

የገረመኝ ስለ ልብሱ የጻፈው ነው። በዚያ ቀን ወፍራም ጃኬት ለብሶ ነበር። የአንበሳው ጥርስ ሥጋው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጃኬቱ መርዙን ጠርጎለት እንደሆነ ገምቷል፤ ሁለቱ ጓደኞቹ በቁስላቸው ሲሠቃዩ የእሱ ቁስል ግን ያን ያህል አላስቸገረውም ነበርና። ልብ በሉ፣ ጊዜው 1844 ነው። ቁስል የሚያመረቅዘው በዓይን በማይታይ ሕዋስ መሆኑ በሐኪሞች ዘንድ ገና አልታወቀም። ሰውየው ግን አይቶ ደረሰበት። አንበሳና ነብር የበሰበሰ ሥጋ በጥርሳቸውና በጥፍራቸው ይዘው ነው የሚኖሩት። የጥርሳቸው ቀዳዳ ደግሞ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ላዩ ቶሎ ይገጥማል፣ ውስጡ ይመግላል። ፔኒሲሊን ለሕዝብ የደረሰው በ1940ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ አዳኞች እንደ ካርቦሊክ ያለ ማጠቢያ ይዘው ይጓዙና በእያንዳንዱ ቀዳዳ ያፈሱበት ነበር። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው የሰር ኤድዋርድ ግሬይ ወንድም ጆርጅ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1911 ኬንያ ውስጥ በፈረስ አንበሳ ሲያባርር ተነከሰ። ሜዳው ላይ አልሞተም፤ ናይሮቢ ሆስፒታል ደርሶ ከቀናት በኋላ ነው ያረፈው።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ የአሜሪካዊው የካርል ኤክሊ ታሪክ ነው። ሥራው የአውሬ ቆዳ እየሞላ ለሙዚየም ማዘጋጀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 በሶማሌ ምድር ያቆሰለው ነብር ተከመረበት። ጠመንጃው ከእጁ ወደቀ። ነብሩ ቀኝ ክንዱን ነክሶ ያዘ። ኤክሊ ክንዱን ከማውጣት ይልቅ ወደ ጉሮሮው ገፋው፤ በሌላው እጁ አንገቱን አንቆ፣ በጉልበቱ ደረቱን ተጭኖ የጎድን አጥንቱን ሰበረውና ነብሩ ሞተ። ሰፈሩ እንደደረሰ የጥርሱ ቀዳዳዎች ሁሉ በመድኃኒት ታጠቡ፤ ክንዱም ዳነ። ለእኔ ጀግንነቱ እዚያ ድንኳን ውስጥ ነው፤ በመድኃኒት መታጠቡ ከመነከሱ የማይተናነስ ሥቃይ ነውና።

በ1910 ደግሞ ኬንያ ተራራ ላይ ዝሆን ደረሰበት። በሁለቱ ጥርሶች መሃል ገብቶ፣ ጥርሶቹን በእጁ ጨብጦ መሬት ላይ ተደፈጠጠ። ጥርሶቹ መሬት ውስጥ ገብተው አንድ ጠንካራ ነገር ባያግዳቸው ኖሮ ወሬ ነጋሪ አይኖርም ነበር። አፍንጫው ተሰበረ፣ ጉንጩ ተቀደደ፣ የተሰበረው የጎድን አጥንት ሳንባውን ወጋው። ረዳቶቹ ሞቷል ብለው ዝናብ ላይ ለሰዓታት ተውት። ባለቤቱ ዴሊያ ወሬው ሲደርሳት በሌሊት ጫካውን አቋርጣ ነው የደረሰችለት።

ነብርም ዝሆንም ያልጣሉት ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1926 ኮንጎ ውስጥ በሚኬኖ ተራራ ላይ ሞተ። የገደለው ትኩሳትና ተቅማጥ ነው። እዚያ የሄደው ከጥቂት ዓመታት በፊት ራሱ ጎሪላ አድኖበት ወደነበረው፣ በኋላ ግን ይጠበቅልኝ ብሎ የቤልጂየምን ንጉሥ ወዳሳመነበት ስፍራ ነበር። ሊቪንግስተንም እንዲሁ ነው። በ1873 በዛሬዋ ዛምቢያ የሞተው በወባና በተቅማጥ ነው። ሱሲና ቹማ የተባሉ አገልጋዮቹ ልቡን እዚያው ቀብረው፣ አስከሬኑን አድርቀው፣ ወራት የፈጀ መንገድ ተሸክመው ባሕር ዳርቻ አደረሱት። በ1874 ለንደን ላይ የመረመሩት ሐኪሞች እሱ መሆኑን ያረጋገጡት በዚያ አንበሳው ሰብሮት ሳይገጥም በቀረው የግራ ክንዱ አጥንት ነው።

እንግዲህ ሰው «ጫካ ውስጥ የሚያስፈራው ምንድን ነው?» ሲለኝ መልሴ ውኃው፣ ትንኙና ዝንቡ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ከልጁ ጋር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲሄድ ሜርንስ የተባለ የጦር ሠራዊት ሐኪም ይዞ ነበር። አባትና ልጅ በዚያ ጉዞ 512 አውሬ ገደሉ። ከሐኪሙም ሌላ ከ200 የሚበልጡ ተሸካሚዎች ነበሯቸው። የእነዚያን ስም ማን ያውቃል?

እኔም በአንድ የቆላ ጤና ጣቢያ ስሠራ ጎሽ የወጋውን ሰው ተቀብያለሁ። ጎሽ ሲበዛ ቂመኛ ነው ይባላል፤ ቂሙን እንጃ፣ ከ600 ኪሎ የሚበልጥ፣ ግንባሩ በቀንድ የተሸፈነ እንስሳ ቆስሎ ጥሻ ከገባ ተከትሎት የሚገባ ሰው ነፍሱን አስይዟል። ሰውየው የመጣው በሁለተኛው ቀን በቃሬዛ ነው። ጭኑ ከጉልበቱ በላይ ተቀዷል፤ ቁስሉ ውስጥ ሣር፣ አፈርና ደም ለማቆም የተወተፈ ቅጠል ነበረ። ስናጥብለት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ቤተሰቡ «ስፉት እንጂ!» እያሉ ለመኑን። የቆሸሸ ቁስል ላዩን ከሰፉት እባብ ኪስ ውስጥ ቆልፎ መያዝ ነው ብዬ አስረዳኋቸውና ክፍቱን በፋሻ ጠቅልለን፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያና ፔኒሲሊን ወግተን ወደ ሆስፒታል ላክነው። ያ ሰው እያጠብነው ስለ ጎሹ ያወራ ነበር። ዓይኑ ያበራል፣ እጁ አየሩን ይወጋል። ሌሊቱን ሙሉ የተሸከመው ታናሽ ወንድሙ ግን ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

«እኛ ቤት አንበሳ የለም» ትሉ ይሆናል። ውሻ ግን አለ፤ ልጆቻችንን የሚነክሰውም እሱ ነው። የሊቪንግስተን ጃኬት ለሁሉ አይደርስምና፣ ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ወዲያው ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። ሰዓት እያያችሁ እጠቡ፤ ልጅ እያለቀሰ 15 ደቂቃ በጣም ረጅም ነው። ቡና፣ ቅቤ፣ አመድ አታድርጉበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ውሻው የጎረቤት ነው፣ የታወቀ ነው ሳትሉ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱትና ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ ይወስኑላችሁ። ከተጀመረም በተሰጣችሁ ቀጠሮ ሁሉ መልሱት፤ ቁስሉ ደርቋል ብላችሁ አታስቀሩ።