ፊርማውን ያነሳው ዳኛ

ጆናታን ጃስፐር ራይት ሕግ የተማረው በፔንሲልቬንያዋ ትንሽ ከተማ በሞንትሮዝ፣ ጠበቆች ቢሮ ተቀምጦ መጻሕፍታቸውን በማንበብ ነው። በዘመኑ ብዙው ጠበቃ የሚወጣው እንዲያ ነበር። አንብቦ ሲበቃ ለጥብቅና ፈተና ቀረበ፤ ፈታኞቹ ግን ጥቁር ነውና አንፈትነውም አሉ። ቢወድቅ እንኳ አንድ ነገር ነበር፤ ጥያቄውንም አልጠየቁት።

በ1865 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያበቃ አንድ የሚሲዮን ማኅበር ወደ ሳውዝ ካሮላይና ላከው። በቢውፈርት ከተማ፣ ትናንት ባሪያ የነበሩ ወታደሮችን ፊደል ያስቆጥር፣ በሕግ ጉዳይም ያማክራቸው ጀመር። በማግስቱ ዓመት ኮንግረስ የዜግነት መብት ሕግ ሲያወጣ ወደ ሞንትሮዝ ተመለሰና ፈቃዱን ተቀበለ፤ በፔንሲልቬንያ የመጀመሪያው ጥቁር ጠበቃ ሆነ። ከዚያ ተመልሶ ቢውፈርት ገባ።

በ1868 አዲሱን የሳውዝ ካሮላይና ሕገ መንግሥት ካረቀቁት አንዱ ነበር፤ ወዲያው የግዛቲቱ ሴናተር ሆኖ ተመረጠ። የካቲት 1 ቀን 1870 ደግሞ፣ 30 ዓመት ሊሞላው 10 ቀን ሲቀረው፣ ምክር ቤቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ አድርጎ መረጠው። በአሜሪካ በየትኛውም ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከእርሱ በፊት የተቀመጠ ጥቁር አልነበረም።

ያች ወንበር የተፈተነችው በ1877 ነው። ካለፈው ዓመት ምርጫ በኋላ ተፎካካሪዎቹ ቻምበርሌይንና ሃምፕተን ሁለቱም የግዛቲቱ ገዢ እኔ ነኝ ብለው ቃለ መሐላ ፈጽመዋል። ቲልዳ ኖሪስ የተባለ እስረኛ ከሃምፕተን ይቅርታ አገኘና አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አቀረበ። ይፈታ ማለት ሃምፕተን ገዢ ነው ማለት ነበር። ሰብሳቢው ዳኛ በጠና ታመው ስለነበር ነገሩ በራይትና በባልደረባው በዊላርድ እጅ ወደቀ። የካቲት 27 ሁለቱም ይፈታ ብለው ፈረሙ። መጋቢት 1 ራይት ሐሳቡን ለወጠ፤ ፊርማዬን አንስቻለሁ ሲል ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አስታወቀ። አልተቀበሉትም፤ እስረኛው ተፈታ።

ወላዋይ ያሉት አሉ። እኔ ግን ከሁለቱ ውሳኔዎቹ ድፍረት የጠየቀው ሁለተኛው ይመስለኛል። ከሃምፕተን ጀርባ የታጠቁ ሰዎች ነበሩ፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ላላየ ሰው እንኳ ግልጽ ነበር። ዝም ብሎ በፊርማው ቢጸና የሚከፋበት አሸናፊ አልነበረም።

የፌዴራል ጦር በሚያዝያ ከግዛቲቱ ምክር ቤት ለቆ ሲወጣ ሥልጣን የሃምፕተን ሆነ። አዲሱ ምክር ቤት ራይትን በስካር ወንጅሎ ሊከሰው ተነሳ። ውንጀላውን አስተባብሎ በነሐሴ ሥራውን ለቀቀ። ከእርሱ በኋላ በዚያ ፍርድ ቤት ጥቁር ዳኛ የታየው ኧርነስት ፊኒ ሲሾም፣ በ1985 ነው።

ራይት ቻርለስተን ገብቶ ጥብቅና ያዘ። በክላፍሊን ዩኒቨርሲቲ ስም ወጣት ጥቁሮችን ቢሮው እየሰበሰበ ሕግ ያስተምር ነበር። በ1885 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ዕድሜው 45 ነበር።